በሶ በአትላንቲክ ደሴት

ላ ኦሮታቫ ሜዳ የሌላት ከተማ ናት። ከካናሪ ደሴቶች ትልቋ በሆነችው በቴኔሪፌ ሰሜናዊ ጎን፣ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳር ተነስቶ ሽቅብ ወደ ቴይዴ ተራራ በሚዘልቅ ሰፊ ሸለቆ ወገብ ላይ ተቀምጣለች። መንገዶቿ ወይ ዳገት ናቸው ወይ ቁልቁለት። ወደ ታች ሲያዩ የሙዝ እርሻና ከእሱ ወዲያ ባሕሩ ይታያል። ወደ ላይ ሲያዩ የጥድ ደን፣ ከደኑ በላይ ደመና፣ ደመናው የተገለጠ እንደሆነ ደግሞ ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው እሳተ ገሞራ ብቅ ይላል። በስፔን ግዛት ሁሉ ከዚህ የሚበልጥ ተራራ የለም።

የከተማዋን ታሪክ ለመረዳት ከዚህ ተዳፋት መነሳት ይሻላል። ውሃው ከላይ፣ አጓማንሳ ከሚባለው ምንጭ ይወርዳል፤ እየወረደም ወፍጮ ሲያዞር፣ ማሳ ሲያጠጣ፣ የጌቶችን ግቢ ሲያለመልም ኖሯል። የሰዉም አሰፋፈር ይህንኑ ተዳፋት የተከተለ ነው። የላይኛው ሰፈር የወፍጮ ሠራተኛው፣ የአናጢውና የገበሬው ነበር፤ የታችኛው የባለርስቱና የወይን ነጋዴው። የጌቶቹ ቤቶችና ወፍጮዎቹ የሚገናኙት ሁለቱ ሰፈሮች በሚዋሰኑበት ዳገት ላይ ስለሆነ፣ በአንድ ረፋድ ሁለቱንም በእግር እየተዘዋወሩ ማየት ይቻላል።

ቴኔሪፌን በዓመት ከ5 ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይጎበኛታል። አብዛኛው በደቡብ በኩል ባሉት ፀሐያማ የባሕር ዳርቻዎች ሰንብቶ ይመለሳል። እኔ ግን የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። እናቴ መንዝ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን ጀርመን እኔ ዘንድ መጥታ የብርዱን ወራት ከልጅ ልጆቿ ጋር የምታሳልፍ ሴት ናት። አሸዋ ላይ ተጋድሞ መዋል ለእሷ የሚገባ ነገር አይደለም፤ የሰው ቤትና የሰው ማሳ ማየት ግን ነፍሷ ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ካለችው ከፖርቶ ዴ ላ ክሩስ አውቶቡስ ተሳፍረን ሽቅብ ወጣን።

የከተማዋ ዝነኛ ቤት ሳን ፍራንሲስኮ በተባለው መንገድ ላይ የሚገኘው «ካሳ ዴ ሎስ ባልኮኔስ»፣ የሰገነቶቹ ቤት ነው። የተሠራው በ1632 እ.ኤ.አ. ነው። ነጭ ግድግዳው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱት የእንጨት ሰገነቶች ከጥቁር ቡና የጠቆሩ ናቸው። እንጨታቸው የካናሪ ጥድ ልብ ነው። የዚህ ዛፍ ልብ በሙጫ የተሞላ በመሆኑ ዝናብ አያበሰብሰውም፣ ምስጥም አይደፍረውም። ዛፉ ራሱም የዋዛ አይደለም፤ እሳት ከበላው በኋላ ከተቃጠለው ግንድ እንደገና ያቆጠቁጣል። በነሐሴ 2023 ከዚህ ሸለቆ በላይ ያለውን ደን ጨምሮ በደሴቲቱ ወደ 15,000 ሄክታር የሚጠጋ መሬት ተቃጥሎ ነበር። ከጠቆሩት ግንዶች ላይ ዛሬ አረንጓዴ መርፌ ቅጠል ይታያል።

ከመንገዱ ሲገቡ ቤቱ ሌላ ፊት አለው። መሐሉ ሰማይ የሚታይበት የውስጥ ግቢ ነው፤ ዙሪያውን በእንጨት ምሰሶ የተያዘ ፎቅ ይዞረዋል። ዘንባባና ጥላ የሚወድ ሰፋፊ ቅጠል ግቢውን ሞልቶታል። አንድ ጥግ ላይ የወይን መጭመቂያ ቆሟል። እንዲህ ባሉ የካናሪ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ከሚገኙት ዕቃዎች ሁሉ ልቤን የወሰደው የውሃ ማጥሊያው ነው። በእንጨት ቁም ሳጥን ላይ ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እንደ ገበታ ጎድጎድ ተደርጎ ይቀመጣል። ውሃ ይሞላበታል፤ ውሃው በድንጋዩ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ ወርዶ ከሥር ባለው የሸክላ ማሰሮ ይጠራቀማል። ድንጋዩ ሁልጊዜ እርጥብ ስለሆነ ጎኑ ላይ ለስላሳ አረንጓዴ ቅጠል ይበቅልበታል። ውሃው ጠርቶና ቀዝቅዞ ይጠጣል። በሌላ ክፍል ደግሞ ሴቶች ከተወጠረ ጨርቅ ላይ ክር እየመዘዙ፣ የቀረውን ክር እየቋጠሩ የሚሠሩት ጥልፍ ይታያል። የአንድ ጠረጴዛ ልብስ ወራት ይፈጃል።

እናቴ ሁሉንም በጥሞና አየች። የጥልፉን ጀርባ ገልብጣ መረመረች፤ የሀገራችን ጥልፍ የሚመዘነውም በጀርባው ነው። ወጥ ቤቱ ደርሰን ምድጃውን፣ የመዳብ ድስቶቹንና የተሰቀሉትን ጭልፋዎች ካየች በኋላ ግን ዞር ዞር ብላ አንድ ነገር ፈለገች።

«እህሉን የት ነበር የሚፈጩት?» አለችኝ።

ወፍጮ አልነበረም። ጥያቄውን በተሰባበረ ስፓኒሽኛዬ ለአስጎብኚዋ አደረስኩላት። እሷም በሩ ድረስ ይዛን ወጥታ በእጇ ወደ ዳገቱ አመለከተች። «ወፍጮዎቹ እዚያ ናቸው፤ ሽታውን ተከተሉ» አለችን።

ከዚያ በፊት ግን ይህ ቤት በምን ገንዘብ እንደተሠራ መናገር ይገባኛል፤ ከአፍሪካ የመጣ ጎብኚ ይህን ሳያነሳ ማለፍ የለበትም። ቴኔሪፌ ባለቤት ነበራት። ጓንቼ የሚባሉት ነዋሪዎቿ ከሰሜን አፍሪካ በርበሮች ጋር የሚዛመዱ፣ ከዘመናት በፊት ከአህጉሩ ወደ ደሴቶቹ የተሻገሩ ሕዝብ ነበሩ። ብረት አልነበራቸውም፤ በድንጋይ፣ በእንጨት፣ በቆዳና በሸክላ ይኖሩ ነበር። የካስቲል ጦር በአሎንሶ ፈርናንዴስ ዴ ሉጎ መሪነት በ1494 ሲመጣ በአሴንቴሆ ሸለቆ አሸነፉት። በሚቀጥለው ዓመት ተሸነፉ፤ በ1496 ደሴቲቱ ሙሉ በሙሉ ተያዘች። ብዙዎቹ ለባርነት ተሸጡ፤ የቀሩት ከሰፋሪው ጋር ተቀላቅለው ቋንቋቸውን አጡ።

ድል አድራጊዎቹ መሬቱንና ውሃውን ተከፋፈሉ። በካናሪ ደሴቶች ውሃ ለዘመናት እንደ መሬት የሚገዛና የሚሸጥ የግል ሀብት ሆኖ ኖሯል። መጀመሪያ የተተከለው ሸንኮራ አገዳ ነበር፤ በስኳር ፋብሪካዎቹም የተማረኩ ጓንቼዎች፣ በርበሮችና ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ጥቁር ባሪያዎች ደከሙ። የካሪቢያንና የብራዚል ስኳር ገበያውን ሲወስደው ወይን ተተካ። በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን የካናሪ ወይን በእንግሊዝ ገበታ ላይ የተከበረ ነበር፤ ሼክስፒር በቴአትሮቹ ይጠቅሰዋል። የሰገነቶቹ ቤትና ጎረቤቶቹ የቆሙት በዚያ የወይን ዘመን ነው። ከዚያም ወይኑ ወደቀ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከቁልቋል በለስ ላይ ለቀይ ቀለም የሚለቀሙ ጥቃቅን ነፍሳት መጡ፤ ፋብሪካ ሠራሽ ቀለም ሲፈጠር እነሱም ዋጋ አጡ። ቀጥሎ ሙዝ፣ ከሙዝ በኋላ ቱሪስት። ለውጭ ገበያ የተመረተው ሁሉ በየተራው ነግሦ በየተራው ወደቀ። በዚህ ሁሉ መሐል ሳይወድቅ የቆየው ሰዉ ለራሱ የፈጨው ዱቄት ብቻ ነው።

ዳገቱን ወጣን። ከመንገዱ በላይ በድንጋይ ቅስቶች የተሸከመ አሮጌ የውሃ ቦይ ይታያል። ቦዩ መጀመሪያ የእንጨት ነበር፤ ኋላ በድንጋይ ተተካ። የአሠራሩ ብልሃት ቀላልና የሚደነቅ ነው። ውሃው በቦዩ መጥቶ እንደ ጉድጓድ ጠባብና ጥልቅ በሆነ የድንጋይ ማማ ውስጥ ቁልቁል ይወርዳል። ከማማው ግርጌ በጠባብ ቀዳዳ ተወርውሮ ሲወጣ አግድም የተኛውን መዘውር ይመታል። መዘውሩ ዘንጉን፣ ዘንጉ ደግሞ ከወለሉ በላይ ያለውን የላይኛውን ድንጋይ ያዞራል። የታችኛው ድንጋይ አይንቀሳቀስም። ውሃው ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ ዳገቱ ገና ስላላለቀ ወደሚቀጥለው ወፍጮ ማማ ይሄዳል። ያው ውሃ፣ አንድም ጠብታ ሳይባክን፣ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩትን ወፍጮዎች በየተራ ሲያዞር ኖረ። የወፍጮው ባለሙያ የሚከፈለው በገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ከሚፈጨው እህል ላይ ድርሻውን ያነሳ ነበር።

በእኛም ደጋ በየወንዙ ዳር ያሉት የውሃ ወፍጮዎች በዚሁ ብልሃት ነው የሚሠሩት፤ መዘውራቸው አግድም ነው፤ ውሃው ከላይ በቦይ መጥቶ ይመታዋል። እናቴ ቅስቱን አይታ ማብራሪያ አልጠየቀችኝም። ውሃው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ በጣቷ እያመለከተች እሷው አስረዳችኝ።

ከዚያ ቆም አለች። «ገብስ ተቆልቷል» አለች።

እውነትም ሽታው መንገዱን ሞልቶታል። ዛሬ ውሃው መዘውር አያዞርም፤ የቀሩት ወፍጮዎች በኤሌክትሪክ ነው የሚሠሩት። ላ ማኪና የሚባለው አንዱ እዚያው የሰገነቶቹ ቤት ባለበት መንገድ ላይ ነው። በሩን አልፈን ስንገባ ዱቄት ያለበሰው ጠባብ ክፍል ጠበቀን። በአንድ በኩል እህሉ እየተንከባለለ የሚቆላበት ማሽን፣ በሌላ በኩል የሚንጎራጎረው ድንጋይ፣ ፊት ለፊት ደግሞ በወረቀት ከረጢት የተደረደረ ዱቄት አለ፤ የበቆሎ፣ የስንዴ፣ የገብስ፣ የድብልቅ። ስሙ ጎፊዮ ይባላል። አሠራሩ በአጭሩ እህልን አስቀድሞ ቆልቶ ከዚያ መፍጨት ነው። ዱቄቱ የበሰለ ስለሆነ እሳት ሳይፈልግ ይበላል።

ከእኛ ፊት ሁለት የሠፈሩ ሴቶች ኪሎ ኪሎ አስመዝነው ሄዱ። ጎብኚ አልነበሩም፤ ለቤታቸው አስቤዛ የሚገዙ ነበሩ። ዕድሜያቸው የገፋው የወፍጮው ሰው እናቴ ዓይኗን ከገብሱ ላይ ሳትነቅል ቆማ ሲያዩ በማንኪያ ቆንጠር አድርገው ሰጧት። መዳፏ ላይ ተቀበለች፣ አሸተተች፣ ቀመሰች።

«በሶ ነው» አለች። ከዚያ እሳቸውን እያየች በአማርኛ፣ «አባቴ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ሳያርር ነው የተቆላው» አለቻቸው።

ቃሉ ባይገባቸውም ምስጋናው ገባቸው። ተረጎምኩላቸው። «በሀገራችን ገብሱ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃና በጨው ተለውሶ ይበላል፤ መንገደኛ ይሰነቀዋል» አልኳቸው። ሰውየው ራሳቸውን ነቅንቀው አንድ ነገር ነገሩኝ፤ እረኞቻቸው ተራራ ሲወጡ ጎፊዮውን በፍየል ቆዳ ስልቻ ይዘው ይወጡ ነበር፤ ሲርባቸው እዚያው ስልቻ ውስጥ ውሃ ጠብ አድርገው ያሹትና ድብልብል አድርገው ይበሉታል። ይህን ለእናቴ ስነግራት ሳቀች። «ታዲያ በምን ሊይዙት ኖሯል?» አለች።

ከምግቡ በስተጀርባ ያለው ታሪክ ረጅም ነው። ጓንቼዎች ገብስ ይዘው ነው ወደ ደሴቶቹ የመጡት። ቆልተው ይፈጩባቸው የነበሩት ክብ የእሳተ ገሞራ ድንጋዮች ዛሬ በየሙዚየሙ አሉ፤ ሁለት ድንጋይ፣ አንዱ በሌላው ላይ በእጅ የሚዞር። በአጎራባቿ ግራን ካናሪያ ጥንታውያኑ ገደል ጠርበው በሠሩት ጎተራ ውስጥ የተረፈውን የገብስ ቅንጣት ተመራማሪዎች ዘረመሉን መርምረው፣ ዛሬ በደሴቶቹ ላይ የሚዘራው ገብስ የዚያው የጥንቱ ገብስ ዘር መሆኑን አረጋግጠዋል። ሕዝቡ ተሸነፈ፣ ቋንቋው ጠፋ፤ ገብሱና አቆላሉ ግን ከአሸናፊው ገበታ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ስፔናዊው ሰፋሪ ስንዴውን፣ በኋላም ከአሜሪካ የመጣውን በቆሎ እንደ ጓንቼዎቹ መቁላት ጀመረ። ተሸናፊ ያቆየው ነገር ሁሉ በመሣሪያ የተጠበቀ አይደለም፤ አንዳንዱ በጣዕም ነው የተጠበቀው።

ጎፊዮ የድሃ ምግብ ሆኖ መኖሩንም መካድ አይቻልም። ከ1936 እስከ 1939 ከተካሄደው የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ምግብ በራሽን የሚታደልባቸው ዓመታት እስከ 1952 ዘለቁ። ያ ትውልድ የተረፈው በጎፊዮ ነው ይባላል። በእነዚያው ዓመታት ብዙ ካናሪያውያን ያለ ፈቃድ በዓሣ አጥማጅ መርከቦች ተጭነው በሌሊት ወደ ቬንዙዌላ ተሰደዱ። አትላንቲክን ሲያቋርጡ በስንቃቸው ውስጥ ጎፊዮ ነበረበት። ዛሬ ያው ባሕር በሌላ አቅጣጫ ስደተኛ ያመጣል፤ በ2024 ብቻ ከምዕራብ አፍሪካ ዳርቻ ተነስተው በጀልባ ካናሪ የደረሱት ከ46,000 በላይ ናቸው። አያቶቹ የዱቄት ከረጢት ይዘው ተሰድደው የነበሩ ሕዝብ የሌላውን ስደት ከማንም በላይ ሊረዳ ይችላል። በየወደቡ ብርድ ልብስና ውሃ ይዘው የሚጠብቁት በጎ ፈቃደኞች ይህን የረሱ አይመስለኝም።

የሚያስደንቀው ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሀብት ሲመጣ ካናሪያውያን የራብ ዘመን ምግባቸውን አላፈሩበትም። ሕፃን ጠዋት በወተት ይጠጣዋል፣ ሽማግሌ በሾርባ ይበላዋል፣ ምግብ ቤት ከአይስክሬም ጋር ያቀርበዋል። በ2014 የአውሮፓ ኅብረት የካናሪን ጎፊዮ ስም በሕግ ጠበቀላቸው፤ በዚያ ስም ሊሸጥ የሚችለው በደሴቶቹ ላይ በደንቡ ተቆልቶ የተፈጨው ብቻ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ በአንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ጎፊዮ በትኩስ የዓሣ መረቅ ተገንፍቶ መጣልን። ከጎኑ ማንኪያ አልነበረም፤ ጥሬ ቀይ ሽንኩርት ቅርፊቱ እየተላቀቀ ተቀምጦ ነበር። በሽንኩርቱ እየጠለቁ ነው የሚበላው። እናቴ ማንም ሳያሳያት አንዱን ቅርፊት አንስታ ጠለቀች።

ያን ቀን ከምሳ በኋላ ስንቀመጥ ስለ ወፍጮ ብዙ አወራችኝ። ልጅ ሳለች እናቷ፣ አያቴ ማለት ነው፣ ዶሮ ሳይጮህ ተነስታ መጁን ትይዝ ነበር። ለአንድ ቀን እንጀራ የሚሆን ዱቄት ለማውጣት ከወገቧ ጎንበስ ብላ ሰዓታት ትፈጫለች። መንደሩ አጠገብ ባለ ሞተር ወፍጮ ቤት ሲከፈት አያቴ እልል አለች። «ያ ድንጋይ ወገቧን በልቶታል» አለች እናቴ። «ሙዚየም ቢያስቀምጡት ደስ ይለኛል፤ ቤቴ ግን አይመለስም።»

ይህ አባባሏ የላ ኦሮታቫን ወፍጮዎች አጥርቶ አሳየኝ። ወፍጮዎቹ የቆዩት የውሃ መዘውራቸውን በግድ ይዘው አይደለም። መዘውሩን ለኤሌክትሪክ ሞተር ለቀዋል። ያልለቀቁት እህሉን የመቁላት ሙያ፣ የድንጋዩን አፈጫጨትና በየሳምንቱ መጥቶ ኪሎ የሚያስመዝነውን ደንበኛ ነው። መሣሪያው ተለወጠ፤ ሥራው ቀጠለ። ቅስቱንና ማማውን ከተማዋ ለታሪክ አቆየቻቸው፤ ሰውን ከሚያደክመው የቀረው በክብር ተቀመጠ፣ ሰውን የሚመግበው ደግሞ ሥራ ላይ ዋለ። አሮጌ ነገርን ሁሉ እንዳለ እናቆይ ከሚለው፣ አሮጌ ነገርን ሁሉ እንጣል ከሚለውም የተሻለ መንገድ ይህ ነው።

የሰገነቶቹን ቤት በዚህ መመዘኛ ሳየው ክብሩ አይቀንስብኝም። ያ ቤት ሥራ ላይ ያለ የሙያ ክፍል ባይኖረው ኖሮ ባዶ ይሆን ነበር፤ ቤቱን ያቆየው ሰው መጥቶ የሚገዛው ጥልፍ ነው። ከተማዋ በኮርፐስ ክሪስቲ በዓል የምትሠራው ምንጣፍም እንዲሁ ነው። ከ1847 ወዲህ በበዓሉ መንገዶቿ በአበባ ቅጠል ይነጠፋሉ፤ በማዘጋጃ ቤቱ አደባባይ ላይ ደግሞ ከቴይዴ በመጣ ባለ ብዙ ቀለም የእሳተ ገሞራ አሸዋ ግዙፍ ሥዕል ይሠራል። በዓሉ ሲያልቅ ሥዕሉ ይጠረጋል። አንድም ዓመት አንዱን ሥዕል አስቀምጠው አያውቁም፤ የሚያስቀምጡት እጅን ነው። ልጅ ከአባት አጠገብ ተንበርክኮ አሸዋ ሲበትን ይማራል፤ ለሚቀጥለው ዓመት የሚተርፈው ያ ነው።

በማግስቱ ወደ አጓማንሳ፣ ወደ ውሃው ምንጭ ወጣን። ጉም በጥዱ መሐል ይሄዳል። ከጥዱ በታች ጠቆር ያለ፣ ቅጠሉ ደቃቅ ቁጥቋጦ ደኑን ሸፍኖታል። እናቴ ቅርንጫፉን ይዛ «አስታ!» አለች። አልተሳሳተችም፤ በካናሪ ተራሮችና በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅለው አስታ አንድ ዝርያ ነው። እሷ የምታውቀው ከመንዝ፣ ከጓሳ ደጋ ነው።

ጓሳ ስትነሳ የሰገነቶቹ ቤት ዕድሜ ትዝ አለኝ። ቤቱ ሲሠራ በዚያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን የመንዝ ሰው ጓሳን በቄሮ ሥርዓት መጠበቅ ጀምሮ ነበር። ደጋውን ለዓመታት ከግጦሽና ከአጨዳ ይዘጉት ነበር፤ ሣሩ ሲደርስ በሽማግሌ ውሳኔ ይከፈት፣ ሁሉም ድርሻውን ለቤት ክዳኑና ለከብቱ ያጭድ፣ እንደገና ይዘጋ ነበር። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው እስከ ዛሬ እዚያ የሚኖሩት በዚህ የተነሳ ነው። አባቶቻችን ጓሳን ያቆዩት ስላልነኩት ሳይሆን በልክ ስለተጠቀሙበት ነው። ላ ኦሮታቫ በወፍጮዎቿ ያሳየችኝን ትምህርት መንዝ ከ400 ዓመት በፊት ያውቀው ነበር።

እንግዲህ ከዚያ ደሴት ይዤ የመጣሁት ሐሳብ ለሀገር ቤት ነው። «ገብስ የእህል ንጉሥ» የሚል ሕዝብ ነን። ሩሲያዊው የእህል ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ደጋችንን ዞሮ የገብሳችንን ዓይነት ብዛት አይቶ በዓለም ከሚደነቁት መሐል አስቀምጦታል። በሶ ዘማቹን ለዘመቻ፣ ተማሪውን ለቆሎ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴውን ለሩቅ መንገድ አድርሷል። ዛሬ አዲስ አበባ ላይ ታሽጎ ይሸጣል፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የምንኖረውም በሻንጣ እናስመጣዋለን። ነገር ግን በከረጢቱ ላይ ገብሱ ከየትኛው ወረዳ እንደሆነ፣ ማን እንደቆላው የሚነገርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ለይርጋጨፌ፣ ለሲዳሞና ለሐረር ቡና ስም ጥበቃ የተሟገተች ሀገር ለመንዝ ወይም ለአርሲ በሶ ስም ልትሰጥ አያቅታትም። ስም ሲኖረው ዋጋ ይኖረዋል፤ ዋጋ ሲኖረው ገበሬው የአያቱን ገብስ ትቶ ሌላ ለመዝራት አይቸኩልም።

የውሃ ወፍጮዎቻችንም እንዲሁ ናቸው። በየወንዙ ዳር ገና የሚሠሩ አሉ። መንገድ ሲደርስና መብራት ሲገባ ብዙዎቹ ይቆማሉ፤ መቆማቸው ለሴቶቻችን እፎይታ ከሆነ መቆማቸው መልካም ነው። ግን ከመቆማቸው በፊት መዘውሩን የጠረበውን፣ ድንጋዩን የወቀረውን ሰው እጅ የሚያይ፣ የሚመዘግብ፣ ከተቻለም አንዱን ወፍጮ እያሠራ ዱቄቱን በተገቢ ዋጋ የሚሸጥ ማኅበር ያስፈልጋል። ወደ ላሊበላና ወደ ጎንደር የሚሄደው ጎብኚ ከአብያተ ክርስቲያናቱና ከቤተ መንግሥቱ ወጥቶ፣ እነዚያን ሕንፃዎች ያነጸው ሕዝብ ምን እየበላ እንዳነጻቸው በአፉ ቀምሶ ቢመለስ ጉብኝቱ ይሞላለታል፤ የወፍጮው ባለቤትም ገቢ ያገኛል።

ቴኔሪፌ ለምትሄዱ ምክሬ አጭር ነው። ለላ ኦሮታቫ ሙሉ ቀን ስጧት፤ የሚመች ጫማ አድርጉ። ከቻላችሁ ከቤቶቹ በፊት በወፍጮው ጀምሩ፣ ሰዉ ለገበያ በሚወጣበት ረፋድ ላይ። የጌታው ቤት የሚገባችሁ ጌታውንም አገልጋዩንም የመገበውን ካያችሁ በኋላ ነው። አንድ ከረጢት የገብስ ጎፊዮ ገዝታችሁ በጨውና በበርበሬ ለውሱት። ቀጥላችሁም ሀገር ቤት ስትገቡ በሶውን ከማን እንደገዛችሁ ስሙን ጠይቁ። ቅርስ የሚቆየው ስሙን የሚጠይቅና ዋጋውን የሚከፍል ሰው ሲያገኝ ነው፤ ያ ሰው መሆን ደግሞ በእያንዳንዳችን እጅ ነው።